ጥያቄ አለኝ፦ የውሃ ወፍጮ ልናይ ነው

ባለፈው እትማችን ከዋሽንግተን ዙሪያ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ስለሚታዩ ቦታዎች ስንጽፍ፣ ዛሬም በውሃ ኃይል የሚዞሩ ሦስት አሮጌ ወፍጮዎችን በስም ብቻ ጠርተን አልፈን ነበር። ጥያቄው ከጠበቅነው በላይ ስለበዛ የዚህን ወር ገጽ ለዚሁ ሰጥተነዋል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የ6 እና የ11 ዓመት ልጆች አሉን። ከሦስቱ አንዱን ብቻ ማየት ብንችል የቱን ትመክሩናላችሁ?
*ከሲልቨር ስፕሪንግ*

ኮልቪን ረንን። ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ግሬት ፎልስ ላይ፣ ከሊስበርግ ፓይክ ማለትም ከሩት 7 ገባ ብሎ ይገኛል። ወፍጮው በ1811 ገደማ የተሠራ ሲሆን የፌርፋክስ ካውንቲ ፓርክ አስተዳደር በ1965 ገዝቶ አሳድሶታል። እኛ የምንመርጠው በዕድሜው አይደለም። መዘውሩ ውጭ ስለሆነ ልጆቹ መጀመሪያ ውሃው በእንጨት አሸንዳ መጥቶ ከላይ ሲወርድበት ያያሉ፤ ከዚያ ቤቱ ውስጥ ገብተው ያው ኃይል ድንጋዩን ሲያዞር ያገኙታል። ሁለቱን በራሳቸው ያገናኙ ልጆች ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም።

ፒርስ ሚል ከተማው ውስጥ፣ ሮክ ክሪክ ፓርክ፣ ቲልደን ስትሪት ከቢች ድራይቭ ጋር የሚገናኝበት ላይ ነው። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ፒርስ ቢመስልም የአካባቢው ሰው ‹ፐርስ› ነው የሚለው። በ1820ዎቹ በአይዛክ ፒርስ የተሠራ የድንጋይ ቤት ነው፤ በ1897 ንግዱን አቆመ፣ በ1936 ታደሰ፣ በ1993 መሣሪያው ተበላሽቶ ቆመ፣ በ2011 እንደገና ዞረ። መግቢያው ነጻ ነው። ለብዙዎቻችን ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ ኤምባሲያችን ካለበት ከቫን ነስ በእግር 20 ደቂቃ ያህል ነው። ለፓስፖርት ጉዳይ ከርቀት የመጣ ቤተሰብ ጉዳዩን ጨርሶ ቲልደንን ይዞ ቢወርድ ቀኑ አይባክንም። ሲሄዱ ቁልቁለት፣ ሲመለሱ ዳገት መሆኑን ግን አስቡበት፤ ጋሪ የምትገፉ በተለይ።

ሦስተኛው የጆርጅ ዋሽንግተን ወፍጮ ነው፣ ማውንት ቨርነን። በ1771 ሥራ የጀመረው ሕንጻ ፈርሶ፣ አሁን የሚታየው በ1932 እንደገና የተሠራ ነው፤ በ2002 ታድሶ ለጎብኚ ተከፈተ። እዚህ መዘውሩ ያለው ቤት ውስጥ ነው፤ ክረምት ላይ በረዶ እንዳይዘው ተብሎ። ለአዋቂ በጣም ደስ ይላል፣ ለ6 ዓመት ልጅ ግን ጨለም ያለ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ፦ ወፍጮው ከመኖሪያ ቤቱ ግቢ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ትልቁ በር ላይ መኪና አቁሞ በእግር እደርሳለሁ ማለት አይሠራም።

ባለፈው ዓመት ኦገስት ላይ ከእንግዶች ጋር ወደ አንድ የውሃ ወፍጮ ሄድን፤ መዘውሩ ቆሞ ነበር። ቅዳሜ ነው፣ ቦታው ክፍት ነው፣ ዝናብም ጥሎ ነበር። ታዲያ ለምን?
*ከውድብሪጅ*

‹ክፍት ነው› እና ‹ይፈጫል› ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በእነዚህ ቦታዎች ቤቱ በሳምንት ብዙ ቀን ይከፈታል፣ እህል የሚፈስበት ቀን ግን ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአፕሪል እስከ ኦክቶበር ባሉት ወራት፣ በተመረጡ የዕረፍት ቀናት። በመሃል ሌላም ደረጃ አለ፦ መዘውሩ ለማሳያ ይዞራል፣ ድንጋዩ ግን ተነጥሎ ቆሟል። ስለዚህ ስትደውሉ ‹ክፍት ናችሁ ወይ› አትበሉ። ‹በዚያ ቀን እህል ትፈጫላችሁ? ከስንት ሰዓት እስከ ስንት?› በሉ። ከመነሳታችሁ በፊት ጠዋት ድገሙት።

መፍጫ ቀን ሆኖም ሊቆም ይችላል። ኦገስት ላይ ዋናው ምክንያት የውሃ ማነስ ነው፤ ትናንት የጣለ ዝናብ ኩሬ አይሞላም። ከባድ ዝናብ ደግሞ በተቃራኒው ያቆመዋል። ወንዙ ሲሞላ ከመዘውሩ ሥር የሚወጣው ውሃ መሄጃ ያጣና ወደ ኋላ ይተኛል፤ የመዘውሩ ታች ውሃው ውስጥ ይዘፈቅና ከላይ የሚወርደው ውሃ የሚሰጠውን ኃይል በመቅዘፍ ይጨርሰዋል። ሰው ‹ውሃ በዝቷል፣ ዛሬማ እንዴት ይዞር ይሆን› ብሎ በሄደበት ቀን ቆሞ የሚያገኘው ለዚህ ነው። ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ቅጠል በቦዩ አፍ ያለውን የብረት ፍርግርግ ይደፍናል፤ ይህ በመንጠቆ ተጠርጎ በሩብ ሰዓት የሚፈታ ስለሆነ ታገሱ።

የቆየ መዘውር ሌላም ችግር አለበት። ለወራት አንድ ቦታ ሲቆም የታችኛው ግማሽ እርጥብ ሆኖ ይከብዳል፣ የላይኛው ደርቆ ይሰነጠቃል። ሲነሳ ግማሹን ዙር ይሮጣል፣ ግማሹን ይጎተታል። ባለሙያዎቹ በጸደይ መጀመሪያ ላይ እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ እስኪያብጥና ስንጥቁ እስኪዘጋ ድረስ ያለ ሥራ የሚያዞሩት ለዚህ ነው። ስለዚህ ኤፕሪል መጀመሪያ ከመሄድ ሜይ ወይም ጁን ይሻላል።

አባቴ አገር ቤት ሳሉ ለ22 ዓመት የናፍጣ ወፍጮ ቤት ነበራቸው። አሁን እኛ ዘንድ ናቸው፤ ልወስዳቸው አስቤአለሁ። ‹ወፍጮ ወፍጮ ነው፣ ምን ያሳዩኛል› ይላሉ። በእርግጥ የሚያዩት አዲስ ነገር አለ?
*ከአሌክሳንድሪያ*

አለ። እሳቸው ከማናችንም በላይ የሚደሰቱ ይመስለናል፤ ምን እንደሚመለከቱ ብቻ አስቀድመው ይንገሯቸው።

መጀመሪያ ፍጥነቱን ይዩ። እሳቸው የሚያውቁት ወፍጮ በቺንጋ እየተነዳ በጣም ይሽከረከራል፣ ዱቄቱም ትኩስ ሆኖ ይወርዳል። እዚህ ትልቁ መዘውር በደቂቃ 10 ጊዜ ያህል ብቻ ነው የሚዞረው። ከሥር ባሉት ጥርሳም መንኮራኩሮች ሁለት ጊዜ እየተባዛ ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ወደ 100 ገደማ ይሆናል። ኃይሉን ደግሞ እንዲህ ይገምቱት፦ በሰከንድ 100 ሊትር ውሃ 5 ሜትር ቢወርድ 4.9 ኪሎዋት ነው፤ በመዘውሩና በጥርሶቹ ሰበቃ ጠፍቶ 70 ከመቶው ቢተርፍ 3.4 ኪሎዋት፣ ወይም 4 የፈረስ ጉልበት ተኩል። የአንድ ኤሌክትሪክ ምጣድ ያህል ማለት ነው። በዚህች ጉልበት ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን ድንጋይ እየዞረ በሰዓት ከ100 ኪሎ በላይ እህል ይፈጫል። የናፍጣ ወጪ ያሰቃየው ሰው ይህን ቁጥር ቶሎ ነው የሚረዳው።

ቀጥሎ ጥርሶቹን። ትልቁ መንኮራኩር ብረት ሆኖ የሚነክሰው ትንሹ የእንጨት ጥርስ ያለው፣ ወይም በግልባጩ የሆነባቸው ወፍጮዎች ብዙ ናቸው። ድህነት አይደለም። ብረት በብረት ላይ ሲሄድ ይጮሃል፣ ይፋጫል፣ ሊፈነጥቅም ይችላል፤ የዱቄት ብናኝ በሞላው ቤት ውስጥ ደግሞ ፍንጣሪ አደጋ ነው። አንድ ነገር ድንጋዩን ቢይዘው ከባዱ ዘንግ ሳይሆን አንድ የእንጨት ጥርስ ይሰበራል፤ በመዶሻ አውጥቶ ሌላ መምታት ነው። የጥርሶቹም ቁጥር ሆን ተብሎ እንዳይካፈል ይደረጋል፤ 60 ጥርስ ካለው ጋር 20 ሳይሆን 23 ያለው ይገጠማል። 20 ቢሆን አንድ ጥርስ ሁልጊዜ ከእነዚያው ሦስቱ ጋር እየተገናኘ እነሱኑ ይበላ ነበር፤ 23 ሲሆን ሁሉም ከሁሉም ጋር ስለሚገናኝ መልፋቱ እኩል ይሆናል።

ከዚያ ድንጋዩ ጋ ይቁሙ፣ እዚያም ይቆዩ። ሁለቱ ድንጋዮች አይነካኩም። የታችኛው ቋሚ ነው፣ የላይኛው በዘንግ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይዞራል። የላይኛው መሃሉ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ስለሆነ ክፍተቱ ከመሃል ይሰፋል፣ ወደ ዳር እየጠበበ ሄዶ የወረቀት ውፍረት ያህል ይሆናል። እህሉ በመሃል ቀዳዳ ይገባል፣ መጀመሪያ ይሰነጠቃል፣ ቀጥሎ ይሸረከታል፣ ዱቄት የሚሆነው ዳር ሲደርስ ነው። በድንጋዩ ፊት ላይ የተቆፈሩት ቦዮች የላይና የታቹ ሲተላለፉ እንደ መቀስ ይቆርጣሉ፤ አየርም ያስገባሉ፣ ዱቄቱንም ወደ ዳር ይነዳሉ። ጥሩ ስለታቸው የቆየ ድንጋዮች ለብ ያለ ዱቄት ያወጣሉ። ዱቄቱ ካቃጠለ ወይ ድንጋዩ ዶልዱሟል፣ ወይ ክፍተቱ ጠብቧል፣ ወይ እህሉ እርጥብ ነው።

ድንጋዩን መውቀር አባትዎ በደንብ ያውቁታል፤ እዚህም ሥራው ያው ነው። ልዩነቱ አለካኩ ላይ ነው። ረጅም ቀጥ ያለ እንጨት ቀይ ቀለም ይቀባና በድንጋዩ ፊት ላይ ይጎተታል፤ ቀለም የያዘው ቦታ ከፍ ያለው ስለሆነ እሱ ብቻ ይወቀራል። ሥራ በበዛበት ዘመን ይህ በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ ይደረግ ነበር። በጣም የሚፈለገው ድንጋይ ከፈረንሳይ፣ ከፓሪስ በስተምሥራቅ ካለው ላ ፈርቴ ሱ ዡዋር የሚመጣው ነበር። አንድ ወጥ አይደለም፦ ቁርጥራጮቹ እንደ ግንብ ተገጣጥመው በጀሶ ይያያዙና ዙሪያቸው በጋለ የብረት ቀለበት ይታሠራል፤ ቀለበቱ ሲቀዘቅዝ ጠብቆ ይይዛቸዋል። ከድንጋዩ አጠገብ የቆመውን ሁለት ጥምዝ ክንድ ያለው ማንሻም ያሳዩአቸው። አንድ ሰው ብቻውን ጠመዝማዛውን እያዞረ ያን ሁሉ ክብደት አንስቶ ይገለብጠዋል።

ታክ ታክ የሚለውን ድምፅ ምን እንደሆነ ካልነገሩዋቸው ራሳቸው ያገኙታል ብለን እንገምታለን። አራት ማዕዘን ያለው ዘንግ ከድንጋዩ ጋር እየዞረ እህል የሚያፈሰውን የእንጨት ገበታ በየማዕዘኑ ይመታዋል። ድንጋዩ ሲፈጥን ምቱ ይበዛል፣ እህሉም ይጨምራል፤ ሲዘገይ ይቀንሳል። ራሱን በራሱ ይመግባል ማለት ነው። እህሉ ከላይኛው ሣጥን ሊያልቅ ሲል ደግሞ በገመድ የታሰረ ደወል ይጮሃል፤ ምክንያቱም ያለ እህል የሚዞር ድንጋይ ወርዶ ሌላውን ከነካ በደቂቃዎች ውስጥ የሳምንታት ውቅር ይጠፋል፣ ፍንጣሪም ይወጣል። አባትዎ ወፍጮ ቤት ውስጥ ‹እህል ሳያልቅ አጥፋ› ብለው ስንት ጊዜ እንደጮኹ ይጠይቋቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቀጥታ ብንሄድ ችግር አለው? ሴቶቹ ሐበሻ ቀሚስ ለብሰን ነው የምንሆነው።
*ከፌርፋክስ*

መሄዱስ ጥሩ ነው። ነጠላውን ግን መኪና ውስጥ ተዉት። የቆየ ወፍጮ ሲሠራ የሚዞር ዘንግና ጥርስ በእጅ ርቀት ያለበት ቦታ አለ፤ አጥር ቢኖርም የነጠላ ጫፍ በአጥር ውስጥ ያልፋል። ዘንግ ጨርቅ ከያዘ አይለቅም፣ ቀስ ብሎ የሚዞር መሆኑም አያድንም፤ ከኋላው ያለው የመዘውሩ ክብደት ነው። ረጅም ቀሚስ ለደረጃው አይመችም፤ በእነዚህ ቤቶች ደረጃው ጠባብና ቀጥ ያለ ነው። ጫማ የማያንሸራትት ይሁን፣ የዱቄት ብናኝ የተኛበት እንጨት እንደ ሳሙና ነው። ጥቁር ልብስ ለብሶ የገባ ሰው አመድማ ሆኖ ይወጣል፤ በዚህ ረገድ የሐበሻ ቀሚስ ከሱፍ ይሻላል።

አስም ያለበት ልጅ ካለ ድንጋዩ ያለበት ፎቅ ላይ አታቆዩት፤ ውጭ ሆኖ መዘውሩን ይመልከት። መራመድ የሚቸግራቸው እናቶች ካሉ ምድር ቤቱ ያለ ደረጃ ይደረስ እንደሆነ ስትደውሉ ጠይቁ።

ጤፍ ይዘን ብንሄድ ይፈጩልናል? ከአገር ቤት የመጣ 10 ኪሎ ማኛ አለኝ።
*ከሃይትስቪል፣ እናት*

አይፈጩልዎትም፣ እናታችን። እነዚህ ወፍጮዎች የሚያፈሱት ራሳቸው ያመጡትን ስንዴና በቆሎ ነው፤ ከውጭ የመጣ እህል አይቀበሉም። ቢቀበሉም አንመክርዎትም። የአንድ ስንዴ ፍሬ ክብደት የመቶ ጤፍ ያህል ነው፤ ለስንዴ የተቆፈረው የድንጋይ ቦይ ለጤፍ መንገድ ይሆንለትና ግማሹ ሳይነካ ዳር ይደርሳል። ድንጋዩ ይጠጋ ቢባል ደግሞ ይነካካል። ከዚህም ሌላ በቦዮቹ ውስጥ የቀረው የስንዴ ዱቄት ከማኛዎ ጋር ይቀላቀላል፤ ስንዴ የማይስማማው ሰው ቤትዎ ካለ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ማኛዎን ቤት ውስጥ በሚቀመጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ የድንጋይ ወፍጮ ያስፈጩት። መጀመሪያ በጥሩ ወንፊት አሸዋውን ያውጡ። ካጠቡት በደንብ ይድረቅ፤ ጥርስ ሥር ሲደረግ ቀጭ ካላለ አልደረቀም፣ እርጥብ ጤፍ በድንጋዩ ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፍና ይደፍነዋል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ነው እህሉ የሚፈሰው፣ ያውም በቀስታ። ወፍጮው ስንዴ ፈጭቶበት ከነበረ አንድ ኩባያ ሩዝ አስቀድመው ይፍጩበትና ይድፉት፤ ብዙውን ቅሪት ይዞ ይወጣል። ጨርሶ አያጠራውም፤ ስንዴ ፈጽሞ የማይነካ ሰው ካለ ለጤፍ የተለየ ወፍጮ ያስፈልጋል።

14 ዓመቴ ነው። ለትምህርት ቤት ስለ ኦሊቨር ኤቫንስ መጻፍ አለብኝ። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ የሱ ሥራ የትኛው ነው?
*ከአርሊንግተን*

ድንጋዩ ሳይሆን በድንጋዩ ዙሪያ ያለው ሁሉ። ኤቫንስ በ1755 ደላዌር ውስጥ ተወለደ። ከሱ በፊት እህሉም ዱቄቱም በሰው ትከሻ ነበር ፎቅ የሚወጣው፤ ዱቄቱ መሬት ላይ ይዘረጋል፣ በመጥረጊያ ይበተናል፣ ይረገጣልም። እሱ ሥራውን በሙሉ ከውሃው ኃይል ጋር አያያዘው። ስትሄድ አራት ማዕዘን የእንጨት ቧንቧ ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ ቆሞ ታያለህ፤ ውስጡ ትንንሽ ጽዋ የተሰፋበት የቆዳ ቀበቶ እየዞረ እህሉን ቀድቶ ያወጣል። አግድም የሚገፋው ደግሞ ጥምዝ ምላጭ ያለበት ረጅም ዘንግ ነው። ከላይ ፎቅ ላይ አንድ ሰፊ መንጥር በክብ እየዞረ ትኩሱን ዱቄት ያሰጣል፣ ያቀዘቅዛል፣ ወደ መሃል ቀዳዳ ይሰበስበዋል፤ ያን ሥራ ቀድሞ አንድ ልጅ ይሠራው ስለነበር በእንግሊዝኛ ስሙ ውስጥ ‹ልጅ› የሚል ቃል ቀርቷል። ዱቄቱ ካልቀዘቀዘ ወንፊቱን ይደፍናል፣ በርሜል ውስጥም ይሻግታል።

የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1790 ነው፤ በዩናይትድ ስቴትስ ሦስተኛው ነበር። ፕሬዚዳንት ዋሽንግተን በዓመቱ፣ በ1791፣ ራሱ ወፍጮ ላይ አስተከለው። ለጽሑፍህ ከሦስቱም ማውንት ቨርነንን ምረጥ፣ ምክንያቱም የወፍጮው ባለቤትና በኤቫንስ የፈጠራ መብት ላይ የፈረመው አንድ ሰው ነው። ጠዋት ከምድር ቤት ጀምረህ የአንዲትን ፍሬ መንገድ በእርሳስ ሳል፤ ፎቁን ስንት ጊዜ ወጥታ እንደምትወርድ ቁጠር። መምህርህ ከዚያ የተሻለ ሥዕላዊ መግለጫ አያገኝም።

እዚያ የገዛሁት የስንዴ ዱቄት ድፎ ዳቦዬን ድንጋይ አደረገብኝ። ዱቄቱ ነው ወይስ እኔ?
*ከማናሳስ*

ውሃው ነው። የድንጋይ ወፍጮ ዱቄት ፉርሽካውም ውስጡ ያለው ዘይታም ክፍልም አብረው ስላሉ ከሱቅ ነጭ ዱቄት የበለጠ ውሃ ይጠጣል፣ ቀስ ብሎም ነው የሚጠጣው። በ1 ኪሎ ዱቄት እስከ 100 ሚሊ ሊትር ጨምሩ፣ እርሾ ሳይገባ በውሃ ብቻ ለውሱትና ግማሽ ሰዓት ተዉት፤ ከዚያ እርሾውንና ጨውን ጨምራችሁ አሹት። ሻካራው ፉርሽካ ሊጡን እየበጣጠሰ እንዳይነፋ ስለሚያደርገው፣ ለድፎ ዳቦ በጥሩ ወንፊት አንዴ ነፍታችሁ ግማሹን ከነጭ ዱቄት ጋር ብትቀላቅሉት ይሻላል። የወጣውን ፉርሽካ አትጣሉት፣ ዳቦው ከታች እንዳይዝ ድስቱ ላይ ይነሰነሳል።

ከበቆሎው ሸርከት ብሎ የተፈጨውን ካያችሁ ግዙ። በአንድ ኩባያ አራት ኩባያ ውሃ፣ በትንሽ እሳት 40 ደቂቃ እያማሰላችሁ፣ መጨረሻ ላይ ቅቤና ጨው፤ ቅንጬ የለመደ ሰው ባዕድ አይሆንበትም።

ዱቄቱን ቁም ሣጥን ውስጥ አታቆዩት። ዘይቱ ስላልወጣለት በሙቀት በሳምንታት ውስጥ ይመራል፤ ፍሪዘር ውስጥ፣ አየር በማያስገባ ዕቃ፣ ግማሽ ዓመት ይቆያል። ከመጋገራችሁ በፊት ከማታው አውጡት።

ቪዲዮ መቅረጽ ይፈቀዳል?
*ከላውረል*

ለግል አብዛኛውን ጊዜ አይከለከልም፤ የስልኩን መብራት ግን አታብሩ፣ ዱቄቱን በጣቱ እየዳሰሰ ድንጋዩን የሚያስተካክለውን ሰው ዓይን ይወጋል። ድምፁን ለመቅረጽ የሚመቸው ምድር ቤት ነው፣ መንኮራኩሮቹ ዘንድ።